ቆርቆሮ በሐዋላ አይላክም

የማዳም ቤት ሀራሙስ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር ነው። እሷ ከሳሎኗ ባሕሩን ታያለች፤ እኔ የምተኛው ከልብስ ማጠቢያው ማሽን ጀርባ ስለሆነ ማሽኑን አያለሁ። ክፍሌ በር አለው፣ ቁልፍ ግን የለውም። አንድ ቀን ቁልፍ ብጠይቃት «ምን ልትደብቂ ነው?» አለችኝ። የራሴን ቤት የፈለግሁት ያን ቀን ነው። ሌላ ትልቅ ምክንያት የለኝም። ቁልፍ አማረኝ።

ዓርብ ዓርብ እረፍት ነኝ። እንደኔ ሰው ቤት ከሚሠሩ ልጆች ጋር ካርቲዬ ስድስት የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተናል። ሳምንቱን ተዘግቶ ይቆይና ዓርብ ሁላችንም አንድ ላይ እንገባበታለን፣ መተንፈሻ ይጠፋል። እቁባችንንም የምንጥለው እዚያው ነው። የእቁቡ ዳኛ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ የምታበስል፣ በዕድሜ የምትበልጠን ሴት ናት። እትዬ እንላታለን።

እትዬ አንድ ደንብ አወጣች። ዕጣ የወጣላት ልጅ ብሩን በእጇ አትቀበልም፤ ቆርቆሮና እንጨት ይገዛላታል። ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ በፊት ዕጣ የወጣላት ሁሉ ለአባት ሕክምና፣ ለወንድም ሠርግ እያለች ሳይመሽ አገር ቤት ልካ፣ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ እጇን የሰው ወለል ስትወለውል ትገኛለች። «ቆርቆሮ በሐዋላ አይላክም» አለች እትዬ። በዚህ ተስማማን።

ከዚያ ዕጣው ለኔ ወጣ። መሬት የለኝም። ከከተማው ዳር፣ ባልባላ ግን ግቢ ያላቸው አንዲት የሶማሌ ባልቴት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ኤዶ ይላቸዋል፣ አክስቴ እንደማለት። ግቢያቸው ጥግ ላይ አንድ ክፍል እንድሠራ ፈቀዱልኝ። መሬቱ የሳቸው፣ ቤቱ የኔ፤ ስሄድ ነቅዬ እወስደዋለሁ። ከወደቡ ነፃ የንግድ ቀጠና በወጣ የዕቃ መጫኛ እንጨት አናጢው ግድግዳውን አቁሞ ቁልፍ ያለው በር ገጠመልኝ። ቆርቆሮው ኤዶ ግቢ ተደርድሮ ዶሮዎች ወጡበት። አናጢው ጣራውን በሚቀጥለው ሳምንት እመታለሁ ብሎ ዕቃውን ትቶ ሄደ።

እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ ለእናቴ ደወልኩ።

«ቆርቆሮ ገዛሁ» አልኳት።

«ጥሩ ቆርቆሮ ነው?» አለች።

«ጥሩ ነው። ምነው?»

«የኛ ጣራ እኮ ይሄን ክረምት አይችልም።»

«እማዬ፣ ቆርቆሮ በሐዋላ አይላክም።»

«ማን በሐዋላ አለሽ? የአክስቴ ልጅ መኪናውን ይዞ እዚያው አይደል እንዴ ያለው? ጭኖት ይመጣል።»

እትዬ ስንት ዘመን ለሹፌር ስታበስል ኖራ፣ ደንቡን ስታወጣ መኪና የሚባል ነገር ትዝ አላላትም። እናቴን ግን ትዝ አላት።

በማግስቱ ጋሼ ደወሉ፤ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ሹፌሩ። «ዓርብ ከሰዓት እመጣለሁ። ገመድ አለኝ» ብለው ዘጉት።

ዓርብ ጠዋት ልጆቹ ሁሉ ባልባላ መጡ። ከቆርቆሮው ዙሪያ ቆመን ለቅሶ የመጣን መሰልን።

«ላኪላት በቃ» አለች አንዷ። «ያደግሽበት ጣራ ነው።»

«ላኪና ማሽንሽ ጀርባ ተኚ» አለች ሌላዋ። «ሲያጥብ ያወዛውዝሻል።»

እኔ የእናቴን ቤት እያሰብኩ ነበር። ሲዘንብ አልጋውን ከጥግ ጥግ እየጎተትን ነው ያደግነው። አላዝንም ብል ውሸት ነው።

እትዬ ግቢው ውስጥ ለምሳ የጣደችውን ድስት ከድና መጣች። ከአናጢው ዕቃ መሐል መዶሻ አንስታ እጄ ላይ አኖረችው።

«አዲስ ቆርቆሮ ለማንም ይሰጣል» አለች። «ከተበሳ ግን የራስሽ ጣራ ነው፣ ማንም አይፈልገውም። ምረጪ።»

«አንቺ ምቺልኝ።»

«የማን ቤት ነውና? እሜቴ፣ ውጪ!»

ወደ ላይ ወጣሁ። ልጆቹ ቆርቆሮውን ከታች እየገፉ አቀበሉኝ። የመጀመሪያውን ሚስማር ዓይኔን ጨፍኜ መታሁት። ኤዶ ከታች በሶማልኛ ጮኹ። ሶማልኛዬ ያን ያህል አይደለም፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ሞገድ ሠርተው ከፍ ያለውን ጠቆሙኝ። ሚስማር የሚመታው ከፍ ባለው ላይ ነው፣ ዝቅ ያለው ውሃ መሄጃ ነው። እኔ ዝቅ ያለውን ነበር የበሳሁት። የቀሩትን በትክክል መታኋቸው።

ጋሼ ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው መጡ። ግቢውን አዩ። ቀና ብለው ጣራውን አዩ።

«መታሽው?»

«መታሁት፣ ጋሼ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ይግቡ፣ ምሳ ደርሷል።»

ሲገቡ እትዬን አዩና «እዚህም አንቺው ነሽ?» አሏት። ደንበኛዋ ናቸው። ገመዱን በር ላይ አስቀምጠው በሉ። ሲጨርሱ የበሬን ቁልፍ አዙረው ዘጉ፣ ከፈቱ፣ እንደገና ዘጉ።

«ለእማዬ ምን ይሏታል?» አልኳቸው።

«ያየሁትን» አሉና ባዶውን ገመድ ይዘው ሄዱ።

ማዳምን ከዛሬ ጀምሮ ተመላላሽ ነኝ አልኳት። ተቆጣች። ከዚያ ቁርስ ይዘገያል ወይ ብላ ብቻ ጠየቀች። እናቴ ደግሞ ስልክ አታነሳም። ስትቀየም አፏን ሳይሆን ስልኳን ነው የምትዘጋው። ማታ ማታ በሬን ቆልፌ፣ ጣራዬን እያየሁ፣ የፈለግሁትን አግኝቼ እተኛለሁ። ደስታው እንዳሰብኩት አልነበረም፤ ቁልፉ ግን ይሠራል።

እዚህ አይዘንብም እንላለን። አንድ ማታ ዘነበ፣ እንደ ጉድ። ውሃው ያችን የመጀመሪያዋን ቀዳዳ ፈልጎ አገኛት። ስልኬ ጮኸ።

«እዚያ ዘነበ አሉ» አለች እናቴ።

«ዘነበ።»

«ቤትሽ ያፈሳል?»

«አንድ ቦታ።»

«አልጋው ላይ ነው?»

«እግሬ ጋ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? አልጋውን ሳቢው። ሲደርቅ ሬንጅ አድርጊበት።»

«የናንተስ?»

«የኛማ የትኛውን ልንገርሽ» አለች፤ እንዳሸነፈች ሁሉ። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ነገረችኝ፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ስልኩን ስንዘጋ አልጋውን ሳብኩት።

በማግስቱ ለጋሼ ደውዬ ገመዱን እንዳይጥሉት ነገርኳቸው። የሚቀጥለው ዕጣዬ ሲወጣ የሚገዛው ቆርቆሮ ሳይበሳ ለእናቴ ይጫናል። እትዬ ሰምታ አኮረፈችኝ፤ ደንቡን ግን አልጣስኩም።