ባለ አንድ ዓይኑ ሰው

አቃቂ በሰቃ አጠገብ ባለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ፣ ባለ አንድ ዓይን ሰው ተንበርክኮ ይታያል። ይህን ሰው፣ ጫማዬን አውልቄ በቆምኩበት፣ በሰው ፊት ክፉ ነው ብዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በደጇ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሳለመው። የሰፈሬ ሰው በስተርጅና መንፈሳዊነት የተጠናወተኝ መስሎታል፤ እኔም አላስተባበልኩም።

ነገሩ የመጣው በጓደኛዬ በኩል ነው። አስጎብኚ ድርጅት አለው፤ ድርጅት ስል አንድ መኪናና አንድ ጠረጴዛ ማለቴ ነው። አስጎብኚዎች ድንጋዩ ዝም ባለ ቁጥር ከኪሳቸው ታሪክ አውጥተው ያወሩለታል እያልኩ ስጽፍም ስናገርም ስለኖርኩ፣ አንድ ቀን ደወለልኝ።

«አንዲት ሴት ልቀጥር ነው» አለ። «ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከወጣች ወዲህ ሥራ የላትም። የአስጎብኚነት ኮርሱን ተምራ ጨርሳለች። ቅዳሜ ባልና ሚስት ይዛ ጢያ ትወርዳለች፤ ሲመለሱ አቃቂ አንድ ቤተ ክርስቲያን ታሳያቸዋለች። አብረህ ዋልና አንድ ቃል ንገረኝ። ትሆናለች ወይስ አትሆንም? ካልሆነች ለሰኞ ሌላ ሰው አለኝ።»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«አንተ? የማታውቀው ነገር ካለ ንገረኝና ሥራ ዘግቼ ላክብረው።»

ስድቡን እንደ ሙገሳ ወሰድኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ መኪናው ቆመልኝ። አስጎብኚዋ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ስኒከር ያደረገች፣ ነጠላዋን አጣጥፋ በፌስታል የያዘች ሴት ናት።

«እንደምን አደሩ ጋሼ። ስለ እኔ ለቢሮው እንደሚናገሩ ተነግሮኛል» አለችኝ ፊት ለፊት። «መጽሐፍዎንም አንብቤያለሁ።»

«የትኛውን?»

«አንዱን። እስከ ግማሹ።»

እንዲህ ዓይነት አንባቢ ስመኝ ነው የኖርኩት። ሳገኛት ግን አኮረፍኩ።

እንግዶቹ ጡረታ የወጡ ዳኛና ባለቤታቸው ናቸው። ጉዞውን የከፈሉላቸው ልጆቻቸው ናቸው። «ከቤት የሚያስወጡን በዘዴ ነው» አሉኝ ዳኛው፣ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ። በቃሊቲ ዞረን የቡታጅራን መንገድ ያዝን።

ጢያ ስንደርስ ፀሐዩ ገና አልጠነከረም። ረጃጅሞቹ የመቃብር ድንጋዮች ጎራዴና ሌላ ሌላ ምልክት ተቀርጾባቸው ሜዳው ላይ ቆመዋል፤ አንዳንዶቹም ዘመዋል። አስጎብኚዋ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየወሰደችን ስለ ቁፋሮው፣ ስለ ተገኘው አጥንት፣ ድንጋዮቹ ወድቀው እንዴት እንደገና እንደቆሙ በዝግታ አወራችልን።

«ጎራዴው ምንድን ነው ልጄ?» አሉ የዳኛው ባለቤት።

«አንዳንዶች ሟቹ የገደለው ጠላት ቁጥር ነው ይላሉ እማዬ። እርግጠኛ የሆነ ግን የለም። እኔም አላውቅም።»

«ይሄኛው ምልክትስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ልታሳዪን አመጣሽን?» አሉ ዳኛው።

«ድንጋዩን!» ብላ ሳቀች። ሁለቱም አብረዋት ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ «አላውቅም» የሚል አስጎብኚ ስፈልግ ኖሬ ባገኘሁባት ዕለት መሃይምነት መሰለኝ። ክፍተቱን ልሙላው ብዬ ጀመርኩ። ያነበብኩትን፣ ያነበብኩ የመሰለኝን፣ አንብቤ የተቃወምኩትንም ጭምር አወራሁ። «ይሆናል» ማለት የነበረብኝን ሁሉ «ነው» አልኩት። ዳኛው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሷ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ፣ ፌስታሏን በሁለት እጇ ይዛ፣ እንደ ተማሪ ታዳምጠኛለች።

ለምሳ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ገባን። ሽሮዬ ከመቅረቡ በፊት ስልኬን አውጥቼ ለጓደኛዬ መልእክት ላክሁ። «ጨዋ ናት። ግን አታውቅም። አትሆንም።» እሷ ማዶ ለእንግዶቹ ውኃ ስታስመጣ ነበር። ላክሁትና እጄን ታጠብኩ።

አቃቂ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነው። ባጃጁ፣ የብየዳ ቤቱ ብልጭታ፣ ጭነት መኪናው መንገዱን ሞልቶታል፤ የቤተ ክርስቲያኗ ግቢ ግን ጸጥ ብሏል። አስጎብኚዋ ነጠላዋን አጣፍታ አስገባችን። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሸራ ሥዕል ተለብጧል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስትናገር የጠዋቷ ሴት አልነበረችም። የትኛው ቀለም በየትኛው ክረምት እንደ ረገፈ፣ የትኛው መልአክ ክንፍ በኋላ በሌላ እጅ እንደ ተጠገነ ታውቃለች። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተራዬን እየጠበቅሁ ነበር።

«አንድ ነገር ልጨምር» አልኩ።

«በአባቶቻችን ሥዕል» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው የሚሳለው። ከሐዲና ክፉ ሰው ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ለምሳሌ ያንን ሰውዬ ይመልከቱት።» ከእመቤታችን እግር ሥር፣ ከተደገፈ ትልቅ ከበሮ ጀርባ ግማሹ ብቻ ወደሚታይ ሰው ጠቆምኩ። «አንድ ዓይን። ይሁዳ ይሆናል፤ ካልሆነም የቅርብ ዘመዱ ነው።»

ዳኛው ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። ባለቤታቸው ወደ አስጎብኚዋ ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ?»

እሷ ሥዕሉን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች።

«ሕጉ ጋሼ እንዳሉት ነው» አለች። «ወደዚህ ብንዞር ገብርኤልን ታያላችሁ።»

አልፈነው ሄድን። እኔም መርታቴ ነበር የተሰማኝ።

አንድ ሽማግሌ አገልጋይ ከበሮውን ሊያነሱ መጡና ከኋላችን ተጣሩ። «አንቺ! ዛሬ ደግሞ አባትሽን ሳትስሚ ልታልፊ ነው? እንግዳ ስላለሽ ኮራሽ?»

ዞርን። ከበሮው ከተነሣበት ሥር ጽሕፈት አለ፤ ሥዕሉን ያሠራው እገሌ፣ የክርስትና ስሙ እገሌ፣ እመቤታችን ትማለድለት ይላል። በየቤተ ክርስቲያኑ ያለ ነገር ነው፤ ሥዕል ያሠራ ሰው ከግርጌው ተንበርክኮ ይሳላል። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አስጎብኚዋ ሄዳ የሰውየውን እግር ተሳለመች።

«አባትሽ ናቸው?» አሉ የዳኛው ባለቤት።

«አዎ እማዬ። ፋብሪካው ውስጥ ሸማኔ ነበር። ክር የሚያመላልሰው መወርወሪያ ከማሽኑ አምልጦ ዓይኑን መታው። ነፍሱ በመትረፏ ይህን ሥዕል በስለት አሠራ። ሠዓሊው ‹ደግ ሰው በሁለት ዓይን ነው የሚሳለው፣ ሁለተኛዋን ልጨምርልህ› ቢለው እንቢ አለ። ‹እመቤታችን የምታውቀኝ በአንዱ ነው። በሁለት ብትስለኝ ይሄ ደግሞ ማነው ትለኛለች› አለው።»

ቀረብ ብዬ አየሁት። ፊቱን ወደ ጎን አላዞረም፤ ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚያየን። አንደኛው ዓይን ወለል ያለ ነው፤ ሌላኛው ቀጭን መስመር ብቻ፣ የተከደነ የዓይን ቆብ። ዓይን ቆጠርኩ እንጂ ፊቱን አላየሁም ነበር። እሷ ደግሞ ስለ ሥራዋ የምናገረው እኔ ስለሆንኩ አባቷ ይሁዳ ሲባል ዝም አለች።

ያኔ ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን ይህን ነው፦ «ይህ ልዩ አጋጣሚ ነው፤ ሕጉን አይሽረውም።»

ዳኛው ቀና ብለው አዩኝ። «ወንድሜ» አሉ፣ «እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ስፈራው የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ሕጉን ይዞ ሰውየውን አለማየት።»

ግቢው ውስጥ ወጥቼ ለጓደኛዬ ደወልኩ።

«መልእክትህ ደርሶኛል» አለ። «ለሌላው ሰው ነግሬዋለሁ፣ ሰኞ ይጀምራል።»

«መልሰህ ደውልለት።»

«ለምን?»

«ከምሳ በኋላ… ተሻሽላለች።»

«ከምሳ በኋላ? ምን አብልተሃት ነው?»

በበሩ በኩል ትታየኛለች። የዳኛውን ባለቤት ክንድ ይዛ ደረጃውን እያወረደቻቸው ነው፤ ወዲያው ጎንበስ ብላ ጫማቸውን አቀረበችላቸው።

«አታውቅም ያልኩህ ስሕተት ነው» አልኩ። «የማላውቀው እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል?» አለ እንዳላወቀኝ ሆኖ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ «የቅርብ ዘመዱ» ያልኩትንም ሳላስቀር። አልሳቀም።

«ሌላውን ሰው እኔ አናግረዋለሁ፤ ሰኞ እሷ ትገባለች» አለ። «ይቅርታውን ግን ራስህ በላት። እሱን በውክልና አልሠራልህም።»

«እሺ» አልኩ። ከዚያም ቤቴ ቅርብ ነው ብዬ፣ ሦስቱንም ከሩቅ እጅ ነስቼ፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ላይ ያዘኝና ወደዚያችው ቤተ ክርስቲያን ሮጬ ገባሁ። ይቅርታ ልላት ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ከሥዕሉ ፊት ቆማ አሥር ለሚሆኑ ሰዎች እያስረዳች ነው፤ እኔ ከዓምዱ ጀርባ ቀረሁ። የዓይኑን ሕግ ነገረቻቸው፤ ቀጥላም «አንድ ቀን አንድ በጣም የተማሩ ሰው እዚህ ቆመው ይህን ሰውዬ ይሁዳ ነው አሉት» አለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ማንም እንዳይለየኝ ብዬ እኔም ሳቅሁ። የአባቷን ነገር ስትነግራቸው ግን ሳቁ ቆመ።

«ሰውየው ማን ናቸው?» አለ አንዱ ወጣት። «ስማቸውን ንገሪንና እንወቃቸው!»

መልስ ፍለጋ ይመስል ዓይኗን ስታዘዋውር ከዓምዱ ጀርባ አየችኝ።

«አላውቃቸውም» አለች።

ጢያ ላይ «አላውቅም» ስትል እውነቷን ነበር። በዚያ የዝናብ ቀን ግን ለእኔ ብላ ዋሸች። መጋረጃውን መልሳ ቡድኑን ወደ ገብርኤል ሥዕል ወሰደች፤ እኔ ዝናቡ ሳያባራ ጫማዬን ፈልጌ ወጣሁ።