በሮቢ አሸዋ ላይ የቀረጽነው ድብድብ

ያን ሰሞን ሸዋ ሮቢት ውስጥ ጡንቻ ያላወጣ ወጣት ከሰው አይቆጠርም ነበር። እኔና ጓደኛዬ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን፣ በቧንቧ አገናኝተን ብረት እንገፋለን። እሱ የሽንኩርት ነጋዴ ልጅ ነው፤ ኩንታል ሲሸከም ያደገ ትከሻ አለው። እኔ ሁለት ዓመት ለፍቼ ያጣሁትን እሱ ከቤቱ ይዞት መጣ። ያንገበግበኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ቀጥሎ ቲክቶክ መጣ። ሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ ስልኩን በድንጋይ አስደግፈን የውሸት ድብድብ እንቀርጻለን፤ ደሙ የቲማቲም ድልህ ነው። እኛ አገር አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሳ ዱላ ሳያርፍ ይመለሳል። ያንን ረግጦ የሚማታ ሰው ነውረኛ ነው፣ ሽማግሌ ፊት ይቀርባል። እኛ ግን ያስቃል ብለን ተደብዳቢው እየጮኸ ደብዳቢው እንዳልሰማ የሚቀጥል አደረግነው። ሰዉ ወደደልን። ሴቶቹ ግን የሚያደንቁት የእሱን ክንድ ብቻ ሆነ። አንዷማ «ይሄ አጥንት ደግሞ ማነው?» ብላ ጻፈችብኝ።

በማግስቱ ደብዳቢው እኔ ነበርኩ። ቡጢዬ አየር ላይ መቅረት ነበረበት። የመጀመሪያው ትከሻውን ነካው፤ ሳቀ። ሳቁ ደሜን አፈላው። ሁለተኛውን አፍንጫው ላይ አሳረፍኩት፤ የወረደው ድልህ አልነበረም። አሸዋው ላይ ጥዬው ደረቱ ላይ ወጣሁ።

«በሕግ አምላክ!» አለ። መታሁት።

«ወንድሜ፣ የምሬን ነው! ዓይኔን!»

ቀለበት ባለበት እጄ ደገምኩት። ከቅንድቡ ሥር ቆዳው ሲቀደድ ጣቴ ላይ ተሰማኝ። ደስ አለኝ። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጣርማ በርን አልፈው ደብረ ብርሃን ድረስ ወስደው አሳከሙት፤ የግራ ዓይኑ ግን ዳግም አላየም። ከወር በኋላ ሽማግሌዎች አባቱ ግቢ፣ ማንጎው ሥር አስቀመጡን። አባቱ አልተቆጡም፤ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ በአላህ፣ በሕግ አምላክ ሲልህ ሰምተኸዋል?»

አፌን ሳልከፍት ጓደኛዬ ቀደመኝ። «አልሰማም፣ አባቴ። እንደ ሁልጊዜው ጨዋታ መስሎት ነው።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ አሉ። ለዱዓ እጃቸውን ዘረጉ፤ ነገሩ ሊያልቅ ነው። እኔ ግን እጄን አልዘረጋሁም።

«ሰምቼ ነበር» አልኩ። «የምሩን እንደሆነም አውቄ ነው የመታሁት።»

አባቱ ዱላቸውን አነሱ። ሁለቴ ትከሻዬ ላይ አሳረፉብኝ፣ ሦስተኛው ጆሮዬን ተረተረው። ሽማግሌዎቹ ተረባርበው ያዟቸው። ደሜን በእጄ ይዤ ይቅርታ ልጠይቀው ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። በደህናው ዓይኑ አየኝ።

«እንደሰማኸኝ እኔም አውቅ ነበር እኮ» አለኝ። «ሰው ፊት ባታወጣው ኖሮ፣ ችዬው አብሬህ እኖር ነበር።»