ለአልቃሽዋ ያልወረደ ሙሾ

ባሕር ዳር ውስጥ ደሞዝ ሣህሉን አይቶ ያልሳቀ ሰው ካለ እስቲ አምጡልኝ! ገበያ ሲወጣ ሴቶቹ «እትዬ ጠጂቱ መጡ!» እያሉ ይንጫጫሉ፤ እሱም አንገቱን ሰበር አድርጎ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርግላቸውና ያልፋል። እትዬ ጠጂቱ ማለት ደሞዝ በመድረክም በቴሌቪዥንም የሚጫወታት አልቃሽ ናት። ሻሿን ጠምጥማ፣ መቀነቷን አጥብቃ፣ ሰው በሞተበት ሁሉ ቀድማ ትደርስና ንፍሮውን በነጠላዋ ቋጥራ ትመለሳለች። ያላለቀሰችለት ነገር የለም፤ ለጠፋ መብራትም፣ ለተሰረቀ ጫማም አልቅሳለች።

ይህቺን ሴትዮ ከየት አመጣት? ከጣና ዳሯ ከደልጊ ነዋ፣ ከገዛ እናቱ!

እናቱ ወይዘሮ የብርጓል የደልጊ አልቃሽ ነበሩ። እንዲያው የዋዛ አልቃሽ እንዳይመስላችሁ፤ እሳቸው ሙሾ ካላወረዱለት ሟቹ በወጉ የተቀበረ አይመስልም ነበር። ባላቸው ሣህሉ በታንኳ እንጨት ሊያመጣ ወጥቶ ጣና አስቀረው፤ ሬሳውም አልተገኘም። የብርጓል ውኃው ዳር ቆመው ደረታቸውን እየመቱ እንዲህ አሉ፦

«ከጣና ሥር ያለው፣ ምን ያለ ቤት ነው፤
ሣህሉ ገብቶ ቀረ፣ ማን ይቀስቅሰው።»

ደሞዝ ያኔ ልጅ ነው፤ ቀሚሳቸውን ይዞ ቆሟል። ዜማው፣ የእጃቸው አጣጣል፣ ትንፋሻቸው የሚቆረጥበት ቦታ ሁሉ በዚያው ውስጡ ገባ።

አድጎ ባሕር ዳር መጣና ፋብሪካ ተቀጠረ። በሠራተኞቹ የኪነት ቡድን ውስጥ አንድ ቀን ሴቷ ተዋናይ ቀረችና «በል አንተ ግባ» ብለው ሻሽ ጠመጠሙለት። መድረኩ ላይ ሲወጣ የሚለው ሁሉ ጠፋው። በጭንቅ ላይ ሳለ የእናቱ ዜማ አፉ ላይ መጣለት፦

«ከጎረቤት ድስቱ፣ ምን ያለ ቤት ነው፤
አውራ ዶሮዬ ገባ፣ ማን ይቀስቅሰው!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! ቴሌቪዥኑ፣ ሠርጉ፣ የበዓል ዝግጅቱ ሁሉ እትዬ ጠጂቱን አምጡልን አለ። አውራ ዶሮውንማ የማያውቀው ሕፃን የለም።

የብርጓል በጎረቤት ቴሌቪዥን አዩት። ቤት ሙሉ ሰው ሲንከተከት እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ሊያለቅሱ ብድግ ሲሉ ወጣቱ ይጠቃቀስ ጀመር። አንድ ቀንማ የሟች እናት ፊት ሳቅ ተሰማ። የብርጓል ያን ዕለት በተቀመጡበት ቀሩ፤ ዳግመኛም ለማንም አላለቀሱም። ይህንን ለደሞዝ የነገረው የለም። ስመ ጥር ሰው ሆኗላ፣ ማን ይድፈረው!

ኋላ ታመሙ። ደሞዝ ባሕር ዳር አምጥቶ ቢያሳክማቸው ሐኪሞቹ «እቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል» አሉት። ሥራውን ትቶ በጀልባ ደልጊ ወሰዳቸውና አልጋቸው ሥር ተቀመጠ።

«ስሞት አንተ አልቅስልኝ» አሉት አንድ ቀን።

«ኧረ እማ፣ እንዲህ አትበይ! ደግሞ አልቃሽ መች ጠፋ?»

«እኔ ከተውሁ ወዲህ ደልጊ አልቃሽ የላት።»

«ለምን ተውሽ?»

እኅቱ እሌኒ መቻል አቃታት። «በአንተ ነዋ! ባፏ ሙሾ በያዘች ቁጥር ያንተን ዶሮ እያነሱ ሳቁባት!» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችለት።

ደሞዝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

«ተይው እሌኒ፣ እንጀራው ነው» አሉ የብርጓል። ወደ ልጃቸውም ዞረው፣ «ዜማዬን ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ያለ ሙሾ እንዳልቀበር። ሳታላግጥ፣ አንዴ ብቻ» አሉት።

ደሞዝ ጉልበታቸውን ስሞ ማለላቸው።

በሞቱ ዕለት ሕዝቡ ከየመንደሩ ጎረፈ። ግማሹ እሳቸውን ሊቀብር፣ ግማሹም ደሞዝን በዓይኑ ሊያይ ነው የመጣው፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ነው። ሬሳው ከቤት ሲወጣ ደሞዝ መሐል ገባ። ደረቱን መታና እናቱ ባስተማሩት ዜማ ጀመረ።

«ከመሬት ሥር ያለው፣ ምን ያለ ቤት ነው...»

አንዱ ከኋላ «አውራ ዶሮዬ ገባ!» አለ።

ሳቅ ፈነዳ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። አንድ ቄስ መስቀላቸውን አንሥተው «ኧረ እግዜርን ፍሩ!» ብለው ቢቆጡ ሳቁ ለጥቂት ጋብ አለ። ደሞዝ እንደገና ጀመረ። አሁንስ እንባው ቀደመውና አፈሩ ላይ ተደፋ። እንዲያ አምርሮ ያለቀሰ ወንድ ደልጊ አላየችም።

«ወይ ይኼ ልጅ! ዛሬስ በለጠ!» አለ አንድ ሽማግሌ እየሳቀ፤ ወጣቱም በስልኩ ይቀርጻል።

ደሞዝ ሙሾውን ተወው። እሌኒ ከመሬት አነሣችው፤ አስከሬኑም ያለ ሙሾ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

በሠልስቱ ስልኩ ጠራ። ባሕር ዳር ያለው የቴአትር አዘጋጅ ብሥራት ነው፤ የወይዘሮ የብርጓልን ሞት አልሰማም።

«ደሞዜ! አንተ ሰው በሳቅ ፈጀኸን እኮ! ቲክቶክ ላይ የለቀቁትን አየነው። መሬት ላይ የተደፋህባት ነገርማ! በል ለፋሲካ መድረክ እናውጣት።»

«ብሥራት፣ እናቴን ቀብሬ ነው» አለ ደሞዝ፤ ድምፁ ተቆራረጠ።

ብሥራት ሳቁን ለቀቀው። «እንዲህ ነው እንጂ! ይቺን ድምፅ፣ ይቺን ድምፅ እንዳትረሳት!»