ኮከብ ያነሳት ስቱፋ

ለዚህ ትዝታ ያሉኝ ምንጮች ሦስት ናቸው፦ በሕንጻችን መግቢያ ተለጥፎ የነበረው ማስታወቂያ ቅጂ፣ የላይኛዋ ጎረቤቴ የነገሩኝ፣ እና የራሴ ማስታወስ። አንባቢ ሦስተኛውን በጥርጣሬ ቢያይልኝ ደስ ይለኛል፤ እኔም የማየው እንደዚያው ነው።

ጎረቤቴ ዕድሜያቸውን በሰው ቤት ሥራ ፈጅተው ጡረታ የወጡ የአዲስ አበባ ሴት ናቸው። በሮማው ቶር ፒኛታራ ሰፈር በምንኖርበት ሕንጻ ጣሪያ ሥር ያለችውን ክፍላቸውን የምታሞቀው አንዲት አሮጌ የእንጨት ስቱፋ ብቻ ነበረች። በዚያ የብርድ ወራት የሮማ አየር መቆሸሹ በይፋ ታወቀ። ከመስኮታችን ሥር ተሰልፈው የሚያጨሱት መኪኖች ይህን ግኝት እንዳላዘገዩት ተስፋ አደርጋለሁ። ማስታወቂያው እንደሚለው፣ ለጭሷ ንጽሕና የተሰጣት ኮከብ ከተወሰነው ያነሰ ስቱፋ አየሩ በከፋባቸው ቀናት አትነድም፤ ሌላ ማሞቂያ የሌለው ቤት ግን ከክልከላው ነፃ ነው። በአገሬ ኮከብ የሚቆጠረው ለሰው ነበር። ለምድጃ መቆጠሩን እንደ ሥልጣኔ ወሰድኩት።

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ሴትዮዋ እንዳስተረጉም ጠሩኝ፤ ጣልያንኛቸው የወጥ ቤትና የገበያ እንጂ የአዋጅ አልነበረም። ሰውዬው ተቀመጠ፤ እጁን በተከሳሿ ስቱፋ አሞቀ፤ የቀረበለትን ሻይ ጠጣ። ከዚያም ሌላ ማሞቂያ እንዳላቸው ጠየቀ።

«ተመስገን! ምን ጎድሎብኝ?» አሉ ሴትዮዋ።

«እትዬ፣ የሚጠይቀው ስለ ማሞቂያ ነው። የለኝም ይበሉት፣ ይተውዎታል።»

«ቤቴ ለመጣ እንግዳ የለኝም ልበል? ምነው ጋሼ! ይህን ሁሉ የተማሩት እኔን ለማዋረድ ነው? ሁሉ ሞልቶልኛል ይበሉልኝ።»

ተርጓሚ ከራሱ እንዳይጨምር ዕድሜዬን ሙሉ አስተምሬያለሁ። አልጨመርኩም፤ ሁሉ እንዳላቸው ነገርኩት። በዚያች ክፍል ከተነገረው ሁሉ በጥንቃቄ የተተረጎመው ውሸቱ ነው።

ሰውዬው «ቫ ቤኔ፣ እሺ» ብሎ አመስግኖ ሄደ። ስቱፋዋ ታሸገች። ማመልከቻ ልጻፍልዎ ብዬ ብለምናቸው «ድሃ ነች ብለው ሊጽፉብኝ?» ብለው ተቆጡ። እስከ ፋሲካ ሁለት ካፖርት ደርበው ተቀመጡ፤ የሮማ አየር በዚህ ምን ያህል እንደጠራ የሚገልጽ ሰነድ እጄ አልገባም።

አይወቅሱኝም። እንዲያውም ሰውዬው ፈገግታቸውን እንደ «አለኝ» ቆጥሮ እኔ አፌን ሳልከፍት መጻፍ ጀምሮ እንደነበር ይናገራሉ። እንደዚያ ከሆነ ያበረድኳቸው እኔ አይደለሁም። በእኔ ትዝታ ግን ስናገር ብዕሩ ገና ኪሱ ውስጥ ነው። የማንኛችን ልክ እንደሆነ እስከ ዛሬ ማረጋገጥ አልቻልኩም።