የዶብሪና ምሰሶ

ዶብሪና ቂመኛ ናት። እንዲህ የሚላት ጠላቷ ብቻ አይደለም፤ እሷም ራሷ ትለዋለች፣ ያውም ሳታፍር። በዚያች የቡልጋሪያ ተራራ ሥር በተኛች ከተማ ሰው ሲሞት ፎቶግራፉ ያለበት ወረቀት ታትሞ በየበሩና በየመብራት ምሰሶው ይለጠፋል፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስም እንደገና። ዶብሪና የባሏን የራንጌልን ወረቀት የምትለጥፈው በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ነው። ምሰሶው የመምህር ቬሊኮ በር ፊት ለፊት ቆሟል። ቬሊኮ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ራንጌልን ነው። እሱ ይልጣል፣ እሷ የዱቄት ሙጫዋን በጥብጣ መልሳ ትለጥፋለች። የኋላ ኋላ መላጡን ተወው፤ እሷ ግን መለጠፉን አልተወችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቬሊኮ በኮሚኒስቶቹ ዘመን የባዮሎጂ መምህር ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ የፓርቲው ሰባኪ ሆኖ እግዚአብሔር የለም እያለ ያስተምር ነበር። ራንጌል ሴት ልጁን ጎረቤት መንደር ወስዶ፣ ቄስ ቤት ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ገንዳ በድብቅ ክርስትና አስነሣት። ቬሊኮ ሰማና ለፓርቲው ተናገረ። ራንጌልን ከትንባሆ መጋዘኑ ሥራ አንሥተው ድንጋይ ወደሚፈለጥበት ካባ ላኩት። በዚያው መከር ቋጥኝ ተንዶ ገደለው።

ዶብሪናን ባሏን በቄስ እንዳታስቀብር ከለከሏት። በሬሳ ሣጥኑ ራስጌ የቆመው ራሱ ቬሊኮ ነበር። «ጓዶች፣ ሰው ቁስ ነው። ጓድ ራንጌል ወደ አፈርና ወደ ውሃ ተመልሷል። ከዚህ ወዲያ የሚጠይቅም የሚጠየቅም የለም» አለ። ዶብሪና ሕፃኗን ታቅፋ ሰማችው። የሚጠይቅ የለም። ለገዳይ ከዚህ የበለጠ ምን የምሥራች አለ?

ከዚያ ወዲህ እምነቷን የሚነቀንቀው ነገር አልተገኘም። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተምራ መጣችና «እማዬ፣ ሰማይ ላይ ያለው እኮ አየር ነው» ስትላት፣ «አየር ይሁን፤ ቬሊኮን የሚጠይቀው ማን ነው ታዲያ?» አለቻት። የኮሚኒስቶቹ መንግሥት ወደቀ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተከፈተ፤ ቬሊኮ ግን ፍርድ ቤት ሳይቆም ጡረታውን እየበላ አረጀ። ሰው ካልጠየቀው የቀረው አንዱ እግዚአብሔር ነው። ዶብሪናም በየእሑዱ ሻማ እያበራች ጉዳዩን ታሳስበዋለች፤ ምሕረት ለምና ግን አታውቅም።

አንድ ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሲል በሚውለው የይቅርታ እሑድ፣ ቬሊኮ መጣ። በሽታ ጨርሶታል፤ ካፖርቱ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። በእጁ ብርቱካን ይዟል፤ የዚያ ቀን ይቅርታ ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም።

«ዶብሪና፣ ቤት አለሽ?»

«ወዴት እሄዳለሁ? መንገድ ስተህ ነው?»

ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይቅር በይኝ» አለ።

ለዚህ ጥያቄ በዚያ ቀን መልሱ አንድ ነው፤ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ»። ለሌባም ይባላል። በከተማዋ ይህን ቃል የከለከለ ሰው ተሰምቶ አያውቅም።

«የሚጠይቅ የለም ብለህ አልነበር?» አለችው። «ምን አስፈራህ?»

«ሐኪሙ ለፋሲካ አትደርስም ብሎኛል። በቄስ መቀበር እፈልጋለሁ። ለልጄ አልነገርኩትም፤ በምን አፌ? ያስተማርኩት እኔ። አንቺ ይቅር ሳትይኝ ደግሞ ቄሱን በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ዶብሪና እጇን አጣምራ ቆመች። «ጓዶች፣ ሰው ቁስ ነው» ብላ ጀመረች፤ አንድ ቃል ሳታጎድል እስከ መጨረሻው አወረደችለት።

«በቃልሽ ያዝሽው?»

«ከአባታችን ሆይ ጋር አብሬ ነው የምደግመው። በል፣ ብርቱካንህን ይዘህልኝ ውጣ።»

ወጣ። ብርቱካኑን ረስቶት ሄደ።

ጾሙ ሳይጋመስ ሞተ። ልጁ ፕላመን ከሶፊያ መጣ፤ መሐንዲስ ነው፣ አባቱ ያስተማረውን አምኖ ያደገ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው። በሯ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«እማማ ዶብሪና፣ ቄስ ይጠራ የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። እኔ አባቴን በማያምንበት ነገር ልቀብረው አልፈልግም። እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር አሉኝ። የነገረዎት ነገር አለ?»

ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በዓለም ላይ ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም።

«ምንም» አለች። «ብርቱካን ሊሰጠኝ ነው የመጣው።»

ስለዚህ ቬሊኮ ያለ ቄስ ተቀበረ። አንድ የቀድሞ ባልደረባው ተነሥቶ፣ ሰው የተፈጥሮ ልጅ ነው፣ ወደ ተፈጥሮም ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲያ ምንም የለም አለ። ዶብሪና ጥሩ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ከፊት ቆማለች፣ አንጀቷ ቅቤ እስኪጠጣ እየጠበቀች። የራሱን ቃል በራሱ ሣጥን ላይ፤ ይህን ቀን ስንት ዘመን ተመኝታዋለች።

አንጀቷ ግን ቅቤ አልጠጣም። ሰውዬው የሚለው እውነት ከሆነ ቬሊኮ አይሰማም። የማይሰማን ምን ብለው ይቀጡታል? ድንጋይ ላይ ውሃ ስታፈስ ኖራለች ማለት ነው፤ እሱም አምልጧታል። ደሟ ፈላ። አያመልጥም፤ አንድ ቦታ ቆሞ ይህን እየሰማ መሆን አለበት። አቁሞ የሚያሰማውም መኖር አለበት። ያ የሚያሰማው ደግሞ በሯ ላይ «ምንም» ያለችውን ሰምቷል። አፈሩን ዘግና ጣለችና ማንንም ሳትሰናበት ተመለሰች።

ምሰሶው ላይ የቬሊኮ ወረቀት ከራንጌል አጠገብ ተለጥፏል። ልጁ፣ ለማያምን ሰው እንደሚደረገው፣ መስቀል በሚሆንበት ቦታ የቅጠል ሥዕል አሳትሞበታል። ዶብሪና ከምድጃዋ ከሰል አምጥታ በቅጠሉ ላይ ወፍራም መስቀል አሠመረች።

ጎረቤቷ ራይና ከገበያ ስትመለስ አየቻትና ዘንቢሏን አስቀመጠች። «ተይ ዶብሪና፣ ልጁ ቢያይሽስ? ለመሆኑ ይቅር አልሽው?»

«አላልኩትም።»

«ታዲያ መስቀሉ ምንድን ነው?»

«መጥሪያ ነው» አለች ዶብሪና፣ የከሰሉን ጥላሸት በጥቁር ቀሚሷ ላይ እየጠረገች። «ይቅረብ። እኔም እቀርባለሁ።»