ደመና አይረገምም

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴ ከተኛችበት ክፍል አስወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አቆመኝና፣ ጉበቷ እንዳለቀ፣ ውሃውን ከሆዷ ቢቀዱላትም ተመልሶ እንደሚሞላ፣ ከእንግዲህ ሆስፒታል መቆየቱ ለእሷ ድካም እንጂ ጥቅም እንደሌለው ነገረኝ። አገሯ ብትወስጃት ይሻላል፣ ግን አትዘግዪ አለኝ። አትዘግዪ ሲል የሚያየው ጫማውን ነበር።

የእሷም ልመና ለሕክምና አዲስ አበባ ከመጣች ጀምሮ ይኸው ነው። ሰቆጣ ቤቴ አድርሱኝ፣ ስሞትም ፃግብጂ ከወላጆቼ አጠገብ ቅበሩኝ። ሞቱን አልፈራችውም፤ የፈራችው ሰው አገር መቅረቱን ነው። አደርስሻለሁ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ቃል መግባት ምን ቸገረኝ፤ አልጋ ላይ ያለች እናት ስትለምን ሰው ጨረቃንም አወርድልሻለሁ ይላል።

በመኪና እንዳልወስዳት መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ ሁለት ቀን ዝግ ነው። በተከፈተ ቀንም ያን ሆድ ይዛ ያንን ጠመዝማዛ አትችለውም። ሰቆጣ የሚያርፍ አውሮፕላን ደግሞ የለም። ያለው እስከ ላሊበላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ታናሽ እህቴ ከኋላው ፍራሽ የተነጠፈበት መኪና ይዛ ልትጠብቀን ተስማማን። ትኬት ቆረጥኩ። ኢኮኖሚ፣ ከክንፉ ኋላ፣ ሁለት ወንበር።

በጣም የታመመ ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት አውሮፕላን አያሳፍሩም ብሎ አንድ ሰው አስፈራርቶኝ ነበር፤ ወረቀቱን ለማጻፍ ደግሞ ሰኞን መጠበቅ ሊኖርብን ነው። ሰኞ ለእኛ ሩቅ አገር ነበር። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ የፀጉር ቤት ሠራተኛ ነኝና የጨነቀኝ ጊዜ እናቴን እንደ ሙሽራ አስዋብኳት። ፀጉሯን ቅባት ነክቼ ሹሩባ ሠራሁላት። ቢጫ የሆነ ፊቷን ቀባሁ፣ ጉንጯን ቀላ አደረግሁ፣ ከንፈሯ ላይ ለሙሽሮች ከምጠቀምበት ትንሽ አስነካሁ። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ ከብርሃንና ከጥላ ሌላ አይታያትም። ፊቷን የማጥብላት መስሏት አገጯን ቀና አድርጋ ሰጠችኝ። ስጨርስ ሳያት ደህና የሆነች፣ እንዲያውም ትንሽ ቀበጥ ያለች አሮጊት ትመስላለች። ሳቄ መጣ፤ ሳቁን ተከትሎ ደግሞ ሌላው መጣ፣ እና ፊቴን አዞርኩ።

አንድ ነገር ግን ላስውበው አልቻልኩም። እናቴ የተወለደችው ኽምጣኛ በሚነገርበት መንደር ነው። እኛን ሰቆጣ ከተማ ስታሳድግ ግን በአማርኛ ብቻ አሳደገችን፤ ልጆች ትምህርት ቤት እንዳይስቁብን ብላ። ኽምጣኛዋን ለእህቶቿና ለገበያ ቀን አስቀመጠችው። ሕመሙ ሲጸናባት ያ በኋላ የተማረችው አማርኛ ቀስ በቀስ ጥሏት ሄደ። በመጨረሻው ሳምንት ከአፏ የሚወጣው የልጅነት ቋንቋዋ ብቻ ሆነ። እኔ ከዚያ ቋንቋ የማውቀው ሰላምታውን፣ ውሃውን፣ ብዪና ተቀመጪን፣ ጥቂት ስድብም ነው፤ ስድብ ልጅ ቶሎ ይማራል። ወዴት እንደምንሄድ በእነዚህ ቃላት ላስረዳት ሞክሬ ነበር። የገባት መስሎኝ ነበር።

አውሮፕላኑ ክንፉ ላይ መዘውር የሚሽከረከርበት፣ ጠባብ ነው። እናቴን መስኮቱ ጋ አስቀመጥኳት። ጉልበቷ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ተጣበቀ፣ ቀበቶው ሆዷ ላይ አልደርስ አለ። ሆስተሷ መቀጠያ አምጥታ ስታስርላት ፊቷን ትክ ብላ አየችው፤ ተነቃብኝ አልኩ። «እንኳን ደህና መጡ እናቴ» ብላት ሄደች። እንዳወቀች እርግጠኛ ነኝ። ፊት ለፊታችን የተቀመጠው ጎረምሳ ደግሞ ገና ከመነሳታችን ወንበሩን ወደ ኋላ ለቀቀው። ልሰድበው አፌን ስከፍት ዘወር ብሎ አያትና፣ ሳልናገረው መልሶ ቀና አደረገው። እስከ መጨረሻውም ድረስ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። እግዜር ይስጠው።

ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሰፋፊ ወንበሮች ሁለቱ ባዶ ነበሩ። ላስተኛት ብዬ ለመንኩ። ሆስተሷ ጠይቃ መጣችና፣ ስንነሳ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ግድ ነው፣ ከተነሳን በኋላ እናያለን አለችኝ። ከተነሳን በኋላ ግን የክረምቱ አየር ያናውጠን ጀመር፣ የቀበቶው መብራትም አልጠፋ አለ። እናቴ በየመናወጡ ሆዷን በሁለት እጇ ትደግፋለች። እኔ እሷን እደግፋለሁ።

መጀመሪያ ያረፍነው ጎንደር ነው። ግማሹ ሰው ወረደ፤ እኛ የላሊበላው ደመና ይገለጥ እንደሆነ ወሬ እየጠበቅን ተቀመጥን። እናቴ መሬት መንካታችን ገባት። ነጠላዋን አስተካከለች፣ ቀበቶውን በዳበሳ ፈለገች፣ ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቷን ለሰላምታ አዘጋጅታ ጠበቀች። መጥቶ የሚስማት ሰው ስታጣ አንገቷን ወደዚህም ወደዚያም ትሰብቃለች። «እማዬ፣ ገና ነው» እላታለሁ። አይገባትም። ውሃ፣ ተቀመጪ፣ እንደምን አደርሽ፤ ካሉኝ ቃላት «ገና ነን» የሚለውን የሚሠራልኝ አንድም አልነበረም።

እንደገና ስንነሳ እጄን ያዘችኝ። መጀመሪያ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ለመነችኝ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፤ አፏን ከፍታ፣ ድምፅዋን ሳትቆጥብ፣ ሰው በሞተበት ቤት እንደሚለቀሰው። እኔ ሞኟ ድምፄን ከፍ አድርጌ በአማርኛ እጮህባታለሁ፤ ጆሮዋ የደነቆረ ይመስል። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ምናለ መስኮቱ ተከፍቶ አብረን ብንወድቅ ብዬ የተመኘሁት ያን ጊዜ ነው።

አንዲት ልጅ ከኋላ የወንበሮቹን ጀርባ እየያዘች መጣች። ሆስተሷ ተቀመጪ ትላታለች፣ አልሰማቻትም። ጥቁር የዓረብ አገር ቀሚስ ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ አዲስ ማተብ አስራለች። መተላለፊያው ላይ ቁጢጥ አለችና በእናቴ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። እናቴ ጡት እንዳገኘ ሕፃን ዝም አለች። ከዚያ ሁለቱ ተነጋገሩ፣ ልጅቷም ወደኔ ዞረች።

«እህቴ፣ ‹አገሬ ደርሼ ነበር፣ ሳልወርድ መልሰው ወሰዱኝ› ነው የሚሉት። ‹ልጄን ምን በደልኳት› ነው የሚሉት።»

ለካ ስንት ቀን ሙሉ አገርሽ ልወስድሽ ነው ያልኳት ገብቷታል፤ ጎንደር ስናርፍ የደረሰች፣ ስንነሳ ደግሞ ከአገሯ የማርቃት መስሏታል። ንገሪያት አልኳት ልጅቷን፤ ያረፍነው ጎንደር ነው፣ አሁን ነው የምንደርሰው፣ ታናሽ እህቴ በመኪና እየጠበቀችን ነው በያት። ነገረቻት። እናቴ እጄን ለቀቀች፣ ቀጥላም መልሳ ያዘችው፤ የሁለተኛው አያያዝ ሌላ ነበር።

ከመተላለፊያው ማዶ የነበሩት ሰውዬ ተነስተው ወንበራቸውን ለልጅቷ ለቀቁላት። ዓረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ መመለሷ ነው፤ ወላጆቿ ያሉት ፃግብጂ ነው። ከዚያማ በእኔ ጭን ላይ ተሻግረው የማን ልጅ ነሽ ተባባሉ፤ ልጅቷ በየመሃሉ ትተረጉምልኛለች። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ዘመድ ሳያወጣ አይተውም፤ የልጅቷ አያትና የእናቴ አክስት በጋብቻ ተገናኙ። እናቴ ስለ ዝናቡ ጠየቀች። ባለፉት ክረምቶች ሰማዩ ጨክኖብን፣ የሰው ከብት አልቆ፣ ዘንድሮም የተዘራው ደረቅ አፈር ውስጥ ተኝቶ ነበር። ልጅቷ በዚያው ሳምንት ቤተሰቦቿ ጋ ደውላ ስለነበር ገና አልጣለም አለቻት። እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። በዚያ ሁኔታዋ ስለ ማሳ ታዝን ነበር።

ላሊበላ ላይ ስንደርስ በመስኮቱ የሚታየው ነጭ ብቻ ነበር። ካፒቴኑ ተናገረ፤ ደመናው ተራራው ላይ ተቀምጧል፣ ትንሽ እየዞርን እንጠብቃለን አለ። ዞርን። ደግመን ዞርን። እህቴ ከታች አለች፣ ፍራሹ ከታች ተነጥፏል፣ እኛ ከላይ እንደ ጭልፊት እንዞራለን። እናቴ ትንፋሿ አጥሯል፣ ከቀባሁት ስር ከንፈሯ ሲጠቁር አያለሁ። መስኮቱን በመዳፌ መትቼ ያንን ደመና ረገምኩት። ድፍት ያድርግህ፣ ይበትንህ፣ ዓይንህ ይጥፋ፤ ያገኘሁትን ሁሉ አልኩት።

ልጅቷ እጇን ዘርግታ አፌን ያዘችኝ። «እህቴ፣ ደመና አይረገምም» አለችኝ። «አገሩ እኮ ይህንን ነው ሲለምን የከረመው። ከታች እየዘነበ ነው።»

ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ ከእኔ ልትደብቀው እየሞከረች። እውነቷን ነው፣ ያ ደመና የስንት ቤት ሕይወት ነው። እኔ ግን በዚያ ሰዓት አገር አልነበረኝም፤ አንዲት እናት ብቻ ነበረችኝ። ነገ ይዝነብ፣ ካንድ ሰዓት በኋላ ይዝነብ፣ እስከዚያ ግን ሰንጠቅ ይበል። አገሩ ሁሉ ዝናብ ሲለምን እኔ አንዷ ሰማዩ ይጥራ ብዬ ብለምን ማን ይሰማኛል።

ካፒቴኑ እንደገና ተናገረ። ማረፍ አልተቻለም፣ ወደ አዲስ አበባ እንመለሳለን፣ አየሩ ከፈቀደ ነገ እንሞክራለን። የቀበቶው መብራት እየበራ ተነስቼ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ሆስተሷን ምን እንዳልኳት በደንብ አላስታውስም፤ መሬት ላይ ተንበርክኬ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ሁለት እጄን ይዛ አነሳችኝ። «እህቴ፣ ካፒቴኑም እናት አለው» አለችኝ። «ቢችል ያወርዳቸው ነበር።» ወደ ወንበሬ መልሳ ቀበቶዬን ራሷ አሰረችልኝ።

ልጅቷ ለእናቴ ምን ልበላቸው አለችኝ። ምንም አትበያት አልኩ። እናቴ ግን መጠየቋን አልተወችም። ልጅቷ ጥቂት ከተጨነቀች በኋላ ዝግ ባለ ድምፅ ታወራት ጀመር፤ ከእኔ ጆሮ የሚገባው አልፎ አልፎ የአገር ስም ብቻ ነው፤ ላሊበላ፣ ሰቆጣ፣ ፃግብጂ። እናቴ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ትሰማለች። እንዲህ እያደረግን ተመለስን።

አዲስ አበባም ዘንቦ ነበር። መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ እናቴ ቀና አለች።

«ደረስን ወይ ይላሉ» አለችኝ ልጅቷ።

ነገ አለ ልል ፈለግሁ። ግን ነገን በዓይኔ አየሁት፤ እንደገና ቀበቶ፣ እንደገና ጎንደር፣ እንደገና ያ ነጭ መስኮት። እናቴን ደግሞ አየኋት። ነገን የሚሻገር ትንፋሽ አልነበራትም።

«ደርሰናል በያት» አልኳት።

ልጅቷ ፊቷን ከእኔ ወደ እናቴ አዞረች። ከዚያ ነገረቻት።

ሁለት ሠራተኞች በወንበር ተሸክመው ደረጃውን አወረዷት። ከታች ስትደርስ እጇን ወደ መሬት ዘርግታ ተናገረች፤ ልጅቷ እንደነገረችኝ መሬቱን ልሳም ነው የምትለው። ሠራተኞቹ ግራ ገባቸው። እኔና ልጅቷ ብብቷን ይዘን ቀስ አድርገን አወረድናት። ወደ አውቶቡሱ የሚጣደፈው ሰው በጎናችን ያልፋል። እናቴ መዳፏን ርጥቡ ሲሚንቶ ላይ አሳረፈች፣ ጎንበስ ብላ ሳመችው፣ ሦስት ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደሚሳም። ከዚያ እጇን አንስታ ውሃው በጣቶቿ መካከል ሲንጠባጠብ ተሰማትና ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ወራት አልፎ ነበር።

«‹ዝናቡ ጥሏል› ነው የሚሉት» አለች ልጅቷ፤ እንባዋ ይወርዳል። «‹ዘንድሮ ሰው እህል ይቀምሳል› ነው የሚሉት።»

ቦርሳዬ ውስጥ ስልኬ ይጮሃል። ከላሊበላ እህቴ መሆኗን አውቄያለሁ። እናቴ በርጥብ እጇ ፊቴን ፈልጋ አገኘችውና እትፍ እትፍ አለችብኝ፣ ረጅም ነገርም ተናገረች። ልጅቷ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«‹እኔን ካገሬ እንዳደረስሽኝ፣ አንቺንም ካሰብሽበት ያድርስሽ› እያሉሽ ነው።»

እናቴ እጇን ከፊቴ ላይ ሳታነሳ፣ ጆሮዋን ወደኔ አዘንብላ ቆየች።

«አሜን በያቸው እንጂ» አለችኝ ልጅቷ። «እየጠበቁሽ ነው።»

አሜን አልኩ።