ሳሎናችን ውስጥ የቆመው መሪ

ለኮምፒውተር ጨዋታ የሚሆነውን የመኪና መሪ ከድሬዳዋ ይዤ የገባሁ ዕለት እናቴ ገና ከጸሎት ቤት መመለሷ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አጥብቄ አሰርኩትና መብራት ሰካሁበት። ማንም ሳይነካው ወደ ቀኝ እስከ ጥጉ ዞረ፤ ከዚያ ወደ ግራ፤ ከዚያ መሃል ላይ መጥቶ ቆመ። እናቴ ነጠላዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

"ማነው የሚያዞረው?"

"ሞተር አለው እማዬ። ራሱን እየለካ ነው።"

"ምኑን ነው የሚለካው?"

እኔም ራሴ ሳጥኑን ከከፈትኩ ጀምሮ በውስጤ የምጠይቀው ይኸንኑ ነበር።

ያኔ ጭሮ ላይ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተርና ፕሪንተር እጠግን ነበር። አንድ ቀን ደንበኛዬ ኮምፒውተሩ እስኪሠራለት እየጠበቀ ስልኩ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰውዬ ክፍሉ ውስጥ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እውነተኛ የሚመስል መሪ ይዞ፣ ስክሪኑ ላይ የመኪና ውድድር ይነዳል። ወንበሩ ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ሰውዬው ግን በላብ ተጠምቋል። ከቤቱ ያልወጣ ሰው ምን አላበው? ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው መሪውን የገዛሁት። መኪና የለኝም፣ መንጃ ፈቃድም አልነበረኝም። አባቴ ግን ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነን።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ለሳቅ የሚሆን ነው። ፍሬኑን ስረግጥ ከመሪው ጋር የመጡት ፔዳሎች ሲሚንቶው ላይ ተንሸራተው ሶፋው ሥር ገቡ። ጡብ ደገፍኩባቸው። አሁን ደግሞ እኔው ከነወንበሬ ወደ ኋላ ሄድኩ። ኩርባ ላይ መሪው ሲታገለኝ ጠረጴዛው አብሮት ይራመዳል። ሰው መኪናን እንደሚይዝ ሁሉ መኪናም ሰውን እንደሚይዝ የገባኝ ያኔ ነው።

የልጅነት ጓደኛዬ በያጅ ነው። ጠርቼው መጣና ዙሪያውን እያየ ሳቀብኝ።

"ወላሂ፣ ሰው መኪና ይገዛል፤ አንተ መሪውን ብቻ ገዛህ! ኮቱ፣ ና ቁጭ በል ልለካህ።"

አንድ ጋራዥ ጓሮ ከወደቀ ሚኒባስ ላይ የሹፌር ወንበር ፈታን። ስፖንጁ መሃል ዶሮ እንቁላል ስትጥልበት ከርማ ኖሮ ላባውን ለማራገፍ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ጓደኛዬ ከብረት ቱቦ አንድ ወጥ አልጋ የመሰለ ነገር በየደልኝ፤ ወንበሩ፣ መሪውና ፔዳሎቹ ሁሉ እሱ ላይ በቡሎን ታሰሩ። ስቀመጥበት ጉልበቴ ከመሪው ሥር ተሰነቀረ። ቆርጦ እንደገና በየደው። ከአንድ ሰው የውጭ በር የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ቀባነው።

በማግስቱ ነዳሁ። መሪው መንገዱ ላይ ያለውን ጎርበጥባጣ ሁሉ ወደ እጄ ያመጣዋል፤ ጎማው ሲንሸራተት በድንገት ይቀላል፣ መልሶ ሲይዝ ይከብዳል። ስነሣ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቆ ነበር። የሰውዬው ላብ ከየት እንደመጣ አወቅሁ።

እናቴ ለጥቂት ቀናት ከኋላዬ ቆማ ስታይ ሰነበተች። አንድ ከሰዓት ላይ ግን፣ "እስቲ ተነሣ፣ እኔም ልየው" አለች።

ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩላት። ሌሎቹ መኪኖች ጥለዋት ጠፉ፤ እሷ ግን ግድም አልሰጣት። ቀስ እያለች ዛፉን፣ የተመልካቾቹን ሰገነት፣ ባንዲራውን ታያለች። ከአጥሩ ባሻገር ጫካ ውስጥ የሚገባ ቀጭን መንገድ አየች።

"ያ ወዴት ነው የሚወስደው?"

"ጨዋታው እዚያ አይሄድም እማዬ።"

"መንገድ አይደለም እንዴ?" አለችና መሪውን ወደዚያ አዞረች። መኪናው የማይታይ ግድግዳ መትቶ ቆመ። እናቴ ተናደደች። "ካላስኬደ ለምን ሠሩት?"

ውድድር እንዳልሆነላት ገባኝ። በሌላ ቀን የጭነት መኪና ይዞ ከከተማ ከተማ የሚኬድበት ጨዋታ ጫንኩላት፤ ከመሪው ጋር የመጣውን ማርሽም አገናኘሁ። እንዴት እንደሚገባ ላስረዳት አፌን ስከፍት ግራ እግሯ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። እጇ ማርሹን ወደ ፊት ገፋው፤ እግሯ ቀስ ብሎ ለቀቀ። መኪናው ሳይንገጫገጭ ተነሣ።

"እማዬ! ይህን ማን አስተማረሽ?"

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ "አባትህ ነዋ" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ጎረቤት ዘንድ ትታኝ አዲስ አበባ እህቷን ጠይቃ፣ በአባቴ መኪና እየተመለሱ ነው። ረዳቱ ለለቅሶ አዋሽ ላይ ቀርቷል። ቦርደዴን እንዳለፉ አባቴን ወባ ጣለው። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ መኪናውን ዳር አስያዘ። ያኔ በዚያ መንገድ መኪና እንደ ልብ አያልፍም።

"ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ውሃ የለን። 'አንተ ንገረኝ፣ እኔ ልያዘው' አልኩት። ሊስቅ ፈለገ፣ አቃተው። 'በግራ እግርሽ እርገጪ' አለኝ።"

"ፈራሽ?"

"መጀመሪያ ፈርቻለሁ። ከዚያ ግን ገረመኝ። ከጎን ስቀመጥ መንገዱ ሁልጊዜ ያልፈኝ ነበር። ያን ቀን ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። ግመሎች አስፋልቱን ሞልተው ነበር፤ ጥሩምባው የት እንዳለ አላውቅ፣ ቆሜ አሳለፍኳቸው።"

አሰቦት ሲቃረብ አቆመችና አባቴን ደግፋ መሪው ላይ መለሰችው። ወደ ከተማው ያስገባው እሱ ነው። ክሊኒክ አደሩ።

"ለምን መለስሽው?"

"ሹፌር ነው እኮ! ሚስቱ ነዳችለት ይባል? ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ ለአንተም ዛሬ ነው።"

ብዙም ሳይቆይ ሂርና አንድ ቢሮ ፕሪንተር ልጠግን ሄድኩ። የአባቴ የድሮ ባልደረባ እዚያ ጎማ ይጠግናሉ። ሰላም ልላቸው ጎራ አልኩና፣ "ጋሼ፣ አባቴ ቦርደዴ ላይ ወባ የጣለውን ጊዜ ያስታውሳሉ?" አልኳቸው፤ ከዚህ በላይ ግን ምንም አላወጣሁም።

ሽማግሌው ጎማውን ለቀው ሳቁ። "እናትህ የነዳችበትን ነው? እንዴት ይረሳል! ገና ከመዳኑ ሰብስቦን ነገረን። 'የማንኛችሁ ሚስት ናት ይህን የምትችል?' እያለ ስንት ጊዜ አሰልችቶናል። ለእሷ እንዳትነግሩ ብሎ ግን አስምሎናል። 'ክብሬን እየጠበቀችልኝ ነው፤ ተዉአት' ይል ነበር።"

ማታ ስነግራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"ሁሉም።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ሰላም ሲሉኝ?"

ከዚያ እስኪያስለቅሳት ሳቀች። ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ፣ "ቅዳሜ ሂርና ትወስደኛለህ። ከራሳቸው አፍ ልስማው" አለችኝ።

ቅዳሜ ሄድን። ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ወንበር አቀረቡላት፤ እኔ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥተው ማውራት ጀመሩ። ግመሎቹ ላይ ሲደርሱ ሃምሳ ነበሩ አሉ።

"ኧረ ሃያም አይሞሉ!" አለች እናቴ፣ ወንበሯን ወደ እሳቸው እየሳበች። "እሱ ነው ሃምሳ ያላችሁ?"